የሴንትራል ዳሌ ጉዳይ

በዚያን ቀን ጠዋት በአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ሻዩን ረጋ ብሎ የጠጣ ሰው አልነበረም። ዶክተሯ ትመጣለች ተብሏል። የምትመጣውም ለደም ግፊት ወይም ለስኳር ሳይሆን የሴንትራልን አእምሮ ልታይ ነው። ወሬው ከወጥ ቤት ተነስቶ፣ የወንዶቹን ክፍል አዳርሶ ወደ ሴቶቹ ክፍል እስኪመለስ ድረስ ጢም አውጥቶ ነበር። ገሚሱ "ሊወስዷት ነው" አለ፤ ገሚሱ "ኧረ ሽልማት አላት" አለ። የሴንትራል ልብ ግን ጎህ ከቀደደ ጀምሮ እንደ ሙሽራ ልብ ድው ድው ይላል፤ ከፍርሃት አይደለም፣ ከደስታ ነው። ፀጉሯን አስጎንጉና፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ዊልቸሯ ላይ ተሰይማ ደጅ ደጁን ታያለች።

ሴንትራል የሚለው ስም የወጣላት ከሥራዋ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ ሴንትራል በሚባለው የስልክ ማዞሪያ ቤት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ያንን ከዚህ፣ ይህን ከዚያ ስታገናኝ ኖራለች። አሁን አሁን ገመዱ ይምታታባታል። ቁርስ መብላቷን ትረሳና እንደገና ትጠይቃለች፤ እንደገና ከሰጧትም አትመልስም። ልጇን በሟች ባሏ ስም ትጠራዋለች። ነገር ግን መርሳትና አለመረዳት ለየቅል ናቸው፤ ይህን እሷ አሳምራ ታውቀዋለች። ችግሩ ሌላው ሰው የረሳን ሁሉ ያበደ አድርጎ መቁጠሩ ነው፤ ራሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽር ሲፈልግ የሚውለው ሰው ጭምር።

ነገሩ የመጣው ከዳሌዋ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንሸራትቷት ወደቀችና ዳሌዋን ሰበረች፤ አጥንቱም ጠምሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ሕይወቷ ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ አልጋ ሆነ። በቅርቡ የአጥንት ሐኪሙ አያትና ከፍተን ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ብናስገባልሽ ከዘራ ይዘሽ ልትሄጂ ትችያለሽ አላት። በዚያው አፉ ግን ልብሽ ደካማ ስለሆነ ከማደንዘዣው ላትነቂ ትችያለሽ፣ ብትነቂም መርሳቱ ሊብስብሽ ይችላል አላት። ሴንትራል ዓረፍተ ነገሩን እንኳ ሳታስጨርሰው "እሺ!" አለች። ልጇ ደግሞ "በጭራሽ!" አለ።

ልጇ መስታወት ቤት አለው። ቀኑን ሙሉ መስታወት ሲቆርጥ፣ መስታወት ሲያሸክም፣ "ቀስ! ኧረ ቀስ!" ሲል ስለሚውል እናቱንም ከመስታወት ለይቶ አያያትም። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ይቀል ነበር። በየሁለት ቀኑ ጭማቂ ይዞ ይመጣል፣ ጥፍሯን ይቆርጥላታል፣ ትራሷን ያስተካክላል። እናቴ የምትለውን አታውቅም፣ እኔን እንኳ በአባቴ ስም ነው የምትጠራኝ፣ እንዴት አድርጋ ነው ስለ ሞትና ሕይወት የምትወስነው ብሎ ሆስፒታሉን አፋጠጠ። ሆስፒታሉም መለሰለት፦ መወሰን የምትችል ከሆነ የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው፤ የማትችል ከሆነ ሐኪሞቹ ከልጇ ጋር ተቀምጠው ይበጃታል ያሉትን ያደርጋሉ። መቻል አለመቻሏን የምታይ ዶክተር እንልካለን።

ሴንትራል ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጆሮዋ ላይ የቀረው "የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው" የሚለው ነበር። እስኪ አስቡት! መቼ እንደምትታጠብ ሌላ የሚወስንላት፣ መቼ መብራት እንደሚጠፋ ሌላ የሚወስንላት፣ እንቁላሏ ተቀቅሎ ይሁን ተጠብሶ እንኳ ሌላ የሚወስንላት ሴት፣ በገዛ ዳሌዋ ላይ አዛዥ ልትሆን ነው። ደስታው እንቅልፍ ነሳት።

ዲሬክተሩ የገባው እዚህ ላይ ነው። ዲሬክተሩ ከኮሪደሩ ማዶ የሚኖር ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነው፤ ራሱ ተመልጦ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የተላገ፣ ድምፁ ግን አሁንም ሰልፍ የሚያስይዝ። "አእምሮ ሊመረመር ነው" ሲባል ሰማና የገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፈተና።

"ሴንትራል፣ አትፍሪ!" አላት ጠረጴዛውን በጡጫው መታ አድርጎ። "በኔ እጅ ያለፈ ተማሪ ወድቆ አያውቅም!"

"አልፈራሁም" አለች ሴንትራል።

"ጎበዝ! እንደሱ ነው መፍራት ያለብሽ!" አለ ዲሬክተሩ፤ በደስታው የሚለውን አያውቅም ነበር።

ጥናቱ ተጀመረ። ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ወሩ ማን ነው፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሲነሳ። ስለ ቀዶ ጥገናውም ዲሬክተሩ ራሱ ሞዴል መልስ አዘጋጀላት፤ ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ የሚመስል፣ "ሲሆን" እና "በመሆኑም" የሞላበት። ሴንትራል በማዞሪያ ቤት ዘመኗ የስንቱን ደንበኛ ቁጥር በቃሏ የያዘች ናትና እንደ ቁጥር ሸመደደችው። ቢጠፋባት እንኳ መላ ተዘየደ፤ ዲሬክተሩ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ ካሳለ "አዎ" ማለት ነው፣ ጉንጩን ካከከ "አይደለም"። በሥራ ዘመኑ የኮረጀን ሁሉ ወላጅ ያስመጣ የነበረው ሰው በስተርጅናው የኩረጃ አሰልጣኝ ሆኖ አረፈው።

ነርሷ መድኃኒት ስታድል ይህን አየችና "እማማ፣ ፈተና አይደለም እኮ፤ ሊያነጋግሩዎት ብቻ ነው" አለቻት።

"እንደሱ እያሉ ነው የሚያዘናጉን" አለ ዲሬክተሩ፣ እና አስጠኚው እሱ ነውና ሴንትራል እሱን አመነች።

ዶክተሯ መጣች። አጭር፣ ፈጣን፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጥ ሴት ናት። ልጁም ከሥራው እንደወጣ ጣቱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ በሩ ጋ ቆመ። ዲሬክተሩ ጋዜጣ ዘርግቶ መስኮቱ ሥር ተመቻችቷል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ከዚያ ቀን በፊት በዚያ በኩል አልፈው የማያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሁሉ ድንገት የሚያልፉበት ጉዳይ ገጠማቸው።

"እነዚህ ሰዎች ቢቀመጡ ይፈቅዳሉ?" አለች ዶክተሯ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ።

ሴንትራል ፈቃዷን ከተጠየቀች ስንት ጊዜዋ! "ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!" አለች በኩራት።

"እሺ። ሐኪሞቹ ምን ሊያደርጉልዎት እንዳሰቡ ይነግሩኛል?"

"ሐሙስ!" አለች ሴንትራል።

ዶክተሯ ቅንድቧን አነሳች። ሴንትራል መሳሳቷ ገባትና አንገቷን ቀና አድርጋ ሞዴሉን መልስ ለቀቀችው። "ቀዶ ጥገና ማለት የተጎዳን የአካል ክፍል በሕክምና ጥበብ ከፍቶ መጠገን ማለት ሲሆን፣ ይኸውም ጥቅምና ጉዳት ያለው ሲሆን፣ ጥቅሙም..." እዚህ ጋ ቃሉ ቆመባት። ወደ ኋላ ተመልሳ ከ"ማለት ሲሆን" ጀመረች፤ እዚያው ጋ ቆመባት። ዲሬክተሩ አሳለ። አሁንም አሳለ። ነርሷ ታመመ ብላ ውሃ ይዛለት ሮጠች።

"በራስዎ አነጋገር ቢነግሩኝስ?" አለች ዶክተሯ።

በራሷ አነጋገር። የራሷ አነጋገር የት ሄደ? ትናንት ነበራት፤ ከትናንት ወዲያም ነበራት። አሁን ግን አፏን ብትከፍት የሚመጣው "ሲሆን" ብቻ ነው። ወደ መስኮቱ አየች። ዲሬክተሩ ተጨንቆ ምልክቱ ተደበላለቀበትና ጉንጩን አከከ።

"አይደለም!" አለች ሴንትራል ጮክ ብላ።

"ምኑ ነው ያልሆነው?"

ልጇ ከበሩ ተነስቶ መጣ። በድምፁ ውስጥ ድል የለም፤ ኀዘን ነው ያለው። "አዩ አይደል ዶክተር? ይኸው ነው። እባክዎ፣ እናቴን አያድክሙብኝ፤ አንጀቴ አልቻለም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሴንትራል ፈራች። በቃ፣ አመለጠኝ አለች በልቧ፤ ቃሌን ወሰዱት፣ እኔ ራሴ አንስቼ ሰጠኋቸው። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

ዶክተሯ ግን ሴንትራልን አየች፣ ጋዜጣውን አየች፣ ከጋዜጣው በላይ የሚያብረቀርቀውን ራስ አየችና መሳቅ ጀመረች። ንቀት የሌለበት ሳቅ ነበር። "ማን ነው ያስጠናዎት?"

ዲሬክተሩ ጋዜጣውን አጥፎ ተነሳ። "እኔ ነኝ። ጥፋቱ የአስተማሪው ነው፣ የተማሪዋ አይደለም። ከፈለጉ እኔን ይጣሉኝ።"

"ማንም አይወድቅም አባባ። ቁጭ ይበሉ።" ዶክተሯ ወደ ሴንትራል ተጠጋች። "እማማ፣ ቀኑን ቢስቱት ምንም አይደለም። እኔ ራሴ ዛሬ ሐሙስ ነው ብዬ ነበር የተነሳሁት። ረቡዕ መሆኑን ያወቅሁት ስልኬን አይቼ ነው። እኔ የመጣሁት ስለዚች ዳሌ ብቻ ነው። የሚያደርጉልዎት ነገር ከገባዎት፣ እስኪወስኑ ድረስ በሐሳብዎ ከያዙት፣ ክፉና ደጉን አመዛዝነው ከነገሩኝ ለኔ በቂዬ ነው። የመጣሁትም አይችሉም ብዬ አይደለም፤ ይችላሉ ብዬ ነው። አሁን ሁሉንም ይርሱት።"

"መርሳት እንኳ አታስተምሪኝ ልጄ" አለች ሴንትራል፣ ሁሉም ሳቀ። የራሷ አነጋገር ከተደበቀበት ብቅ ያለው ያኔ ነው።

ዶክተሯ ጡጫዋን በመዳፏ ውስጥ እያሽከረከረች የዳሌውን መገጣጠሚያ አሳየቻት፤ የሚከፈተውን፣ የሚገባውን፣ የልቡን፣ የማደንዘዣውን ነገር ሁሉ ሳትቸኩል ነገረቻት። ሴንትራል ሰማች። ከዚያ ዶክተሯ "ይህን ሁሉ አደጋ ይዞ ለምን ይፈልጉታል?" አለቻት።

"ሽንት ቤት ልሄዳ!" አለች ሴንትራል።

ከኮሪደሩ ሳቅ ተሰማ። ሴንትራል ግን አልሳቀችም።

"ይሳቁ፣ ያስቃል። እኔ ግን ልንገርሽ። ልጄ ጭማቂ ያመጣልኛል። አልጠጣውም። ውሃም ከምሳ በኋላ አፌ አላስገባም፤ ምላሴ ላንቃዬ ላይ እስኪጣበቅ እችለዋለሁ። ከጠጣሁ ይመጣብኛል። ከመጣብኝ ሰው መጥራት አለብኝ። ነርሷ አንድ ናት፣ እኛ ብዙ ነን፤ እስክትደርስ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ትደርሳለች። አንዳንዴ..." ሹራቧን ወደ ጭኗ ጎተት አደረገች። "ከደረሰችም ፖፖ ሥሬ ታደርግልኛለች፣ እዚህ፣ መጋረጃ ጋርደው፣ ከመጋረጃው ማዶ ሰው ሻይ እየጠጣ። ሰው ነኝ እኮ ልጄ።"

ልጇ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ። "ጭማቂውን... አትጠጪውም?"

"እኔ ነኝ የምጠጣው" አለ ዲሬክተሩ። "በተለይ የማንጎው ጊዜ..." አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ለዲሬክተሩ ሁለቱም ደርሰውበታል። አፉን በእጁ ያዘ።

"ካልተሠራልዎትስ ምን የሚሆኑ ይመስልዎታል?" አለች ዶክተሯ።

"እንደዚሁ እቆያለሁ። ሕመሙን በክኒን፣ ቀኑን በወሬ። ምናልባትም ብዙ ዘመን እኖር ይሆናል። ብዙ ዘመን፣ ቁጭ ብሎ።"

"ተሠርቶልዎት ባይነቁስ?"

"እሱን አስቤዋለሁ። ጀግና አይደለሁም፣ ሞትን እፈራለሁ። ግን ተኝቼ ነው አይደል? ውሃ እየጠማኝ ከመሞት ይሻላል።"

"ነቅተው መርሳቱ ቢብስስ?"

ሴንትራል ከሁሉ በላይ የምትፈራው ይህኛውን ነው። ቀና ብላ ልጇን አየችው፤ ፕላስተር የለጠፈ ጣቱን፣ ትከሻው ላይ የቀረውን የመስታወት ብናኝ፣ የአባቱን የሚመስል ግንባሩን። "ልጄን እስከ መርሳት?" አለች ቀስ ብላ።

"ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም።"

ሁሉም ጠበቁ።

"ይሄኛው ከሞትም ይከፋል" አለች በመጨረሻ። "ግን እኮ ብረሳው እሱ አይረሳኝም። መጥቶ 'እናቴ ነሽ' ይለኛል፤ እኔም አምነዋለሁ። ውሸት አላስተማርኩትም።"

ልጇ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ትከሻው ብቻ ነበር የሚናገረው።

ዶክተሯ ተነሳች። የሴንትራልን የልብ ምርመራ ወረቀት አይቼ እመለሳለሁ ብላ ወጣች፤ ሻይ ቀረበ፣ ሻይ ተነሳ። ዲሬክተሩ ከደስታው ብዛት ሦስት ኩኪስ በላ። "ጨረስሻት! ጨረስሻት እኮ!" ይላል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል። ሴንትራል ራሷ ጉንጮቿ ቀልተው በልጅነቷ የመጀመሪያ ደመወዟን ስለተቀበለችበት ቀን ታወራለች። በሩ ተከፈተና ዶክተሯ ገባች።

ሴንትራል ከላይ እስከ ታች አየቻት። "አንቺ ደግሞ ማን ነሽ ልጄ?"

ዲሬክተሩ ኩኪሱ ጉሮሮው ላይ ቆመበት። ልጇ ዐይኑን ጨፈነ። ነርሷ የሻይ ሳህኑን እንደያዘች ደረቀች። አለቀ፣ አለ ሁሉም በየልቡ።

ዶክተሯ ፊቷ አልተለወጠም። ተመልሳ እዚያው ቦታዋ ተቀመጠች። "ዶክተር ነኝ። ቅድም ስናወራ ነበር።"

"ይቅር በይኝ፣ ፊት አልያዝልኝ ብሏል።"

"ግድ የለም። ስለ ምን እያወራን እንደነበር ያስታውሳሉ?"

"ካንቺ ጋር ምን እንዳወራሁ እንጃ። እኔ ግን የማወራው ስለ ዳሌዬ ነው፤ ሌላ ወሬም የለኝ።" ሴንትራል እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "የጠመመውን አውጥተው ብረቱን ሊያስገቡልኝ ነው። ልቤ ደካማ ነው፣ ተኝቼ ልቀር እችላለሁ። ብነቃም ይሄ የምታዪው ጭንቅላቴ ከዚህ ሊብስበት ይችላል። ልጄ አይሆንም ይላል፤ ስለሚወደኝ ነው። እኔ ይሁን እላለሁ።"

"ለምን?"

"ለምን ትለኛለች እንዴ! ውሃ ልጠጣ ብዬ ነዋ!"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተችው። "ጨርሻለሁ" አለች፣ ወደ ሁሉም ዞራ። "ፊቴን ረሱት፤ ውሳኔያቸውን ግን አልረሱትም። ለኔ ያ ይበቃል። በዚህ ጉዳይ መወሰን ይችላሉ፤ ቃሉ የእሳቸው ነው።"

ኮሪደሩ ፈነዳ! ከዘራ ወለሉን ደበደበ፣ አንዲት አሮጊት እልል አለች፣ አንዱ ምን እንደተባለ ሳይሰማ አብሮ አጨበጨበ። ዲሬክተሩ የዶክተሯን እጅ በሁለት እጁ ይዞ "ስንት አገኘች?" ይላል።

"ነጥብ የለውም አባባ።"

"ይሁን፤ ግን ቢሆንስ ኖሮ?"

ልጁ ብቻ አልተንቀሳቀሰም። ጫጫታው ሲበርድ ዶክተሯን "እኔ አሁንም ልክ አይመስለኝም" አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሞታል።

"ወንድሜ፣ ለእኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ልክ ላይመስለኝ ይችላል። ግን ለኛ ልክ ያልመሰለን ነገር ሁሉ ሰውየው ስላልገባው የወሰነው አይደለም። ዛሬ ሰምተዋቸዋል።"

"ሰምቻለሁ" አለ። ያ ሁሉ ጭማቂ ፊቱ ላይ ተደቀነበት፤ እያንዳንዱን በፍቅር ነበር ያመጣው፣ አንዱንም ጊዜ ጠጣሽው ወይ ብሎ አልጠየቃትም። መጥቶ ከዊልቸሩ ፊት በርከክ አለ። ጫጩት እንደሚይዝ ሰው እጆቿን ያዘ፤ እሷ ግን እሱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው፤ የማዞሪያ ቤት እጅ ነው፣ ጉልበቱ አልሄደም።

"እማዬ፣ ፈራሁ።"

"አውቃለሁ።"

"እስከ ዛሬ እኔ ነበርኩ የምወስንልሽ። ከእንግዲህ ሥራዬ ምንድን ነው? እኔ ምን ላድርግ?"

ሴንትራል ሳቀች፤ ዐይኖቿ እንባ አቅርረው ሳቀች።

"አንተማ ፍራልኝ" አለችው። "አንድ ሰው መፍራት አለበት፤ እኔ ጊዜ የለኝም።"